መረብ ጠጋኙ ጋ ያደረሰኝ ጥያቄ

አዲስ አበባ ያለ አንድ መጽሔት ጣና ዳር ስለሚኖር አንድ ሰው እንድጽፍለት ጠየቀኝ። አንድ ሰው፣ 1500 ቃል፣ ሦስት ሳምንት። ባሕር ዳር ተቀምጬ ፍሪላንስ ነው የምሠራው፤ ወር ጠብቆ የሚገባ ደሞዝ የለኝም፤ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ ሁለቴ አላስብም። አዘጋጁ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። «እባክሽ፣ ሁሉም የሚያውቀውን ሰው እንዳታመጪልኝ።»

ቀላል መስሎኝ ነበር። ሐይቁ እዚህ ነው፣ ሰዉ እዚህ ነው፣ እኔም እዚሁ ነኝ። ግን የመጀመሪያው ሳምንት ባዶውን አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ እስከዛሬ ከጻፍኩላቸው ሰዎች ሁሉ በጣም የምወዳቸውን ሰው አገኘሁ። በመሀል የቀየርኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ባለታሪክ ከየት ታመጫለሽ?» የሚሉኝ ጓደኞች ስላሉኝ ነገሩን ከነስህተቱ፣ እንደሆነው ላስቀምጠው።

የባከነው ሳምንት

መጀመሪያ ለማውቃቸው ሰዎች ደወልኩ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ለሚያስተምር ጓደኛዬ፣ ቱሪስት ለሚያስጎበኝ የሰፈሬ ልጅ፣ ለአክስቴ ልጅ፣ ሐይቁ ዳር ቡና ለምታፈላ ደንበኛዬ። አሥራ አንድ ሰው ጠየቅኩ። ለሁሉም ያቀረብኩት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጣና አካባቢ የሚገርም ታሪክ ያለው ሰው ታውቃለህ?»

ከአሥራ አንድ ሰው የተገኘው አራት ስም ነው። አራቱም በቴሌቪዥን የቀረቡ፣ በሬዲዮ የተናገሩ ሰዎች ናቸው። ያኔ አልገባኝም እንጂ ምክንያቱ ግልጽ ነበር። «የሚገርም ሰው» ስትለው ሰው የሚያስበው ሌላ ሰው ሲገረምበት ያየውን ነው። ጎረቤቱ አይመጣለትም። በየቀኑ የሚያየውን ሰው ማን ይገረምበታል?

ያም ሆኖ አንዱ ጋ ሄድኩ። ታንኳ የሚሠሩ አዛውንት ናቸው። የደንገል ታንኳ የጣና መታወቂያ ነው፤ ፖስት ካርዱ ላይ አለ፣ የሆቴሉ ግድግዳ ላይ አለ፣ ቲሸርቱ ላይ አለ። ነገደ ወይጦዎች ከአባት ለልጅ ሲያወርዱት የኖሩት ጥበብ ነው፤ ከዘጌ እንጨት ተጭኖ ባሕር ዳር ይገባ የነበረውም በዚሁ ታንኳ ነው። አዛውንቱ በትህትና ተቀበሉኝ። ወንበር አወጡልኝ። ጥያቄዬን ሳልጨርስ መልሱን ጀመሩት፤ ደንገሉ እንዴት እንደሚታጨድ፣ ስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ አባታቸው ምን ይሏቸው እንደነበር። ያማረ ንግግር ነው፣ የት ላይ ቆም እንደሚሉ እንኳ ያውቃሉ። ማታ ቤቴ ገብቼ አንድ የቆየ የቴሌቪዥን ዝግጅት ከፈትኩ። እነዚያው ቃላት፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ እዚያው ቦታ ላይ ቆም።

ጥፋቱ የሳቸው አይደለም። ለሃያ ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ የመለሰ ሰው ሌላ ምን ያድርግ? እኛ ነን ዓመት እስከ ዓመት አንድ ደጅ ላይ የምንመላለሰው፤ እኛ ነን የተናገሩትን ደግመን ለማስነገር የምንሄደው። ያንን ሌሊት በጣም ነው ያዘንኩት፤ ለሳቸውም ለራሴም።

አንድ መሥሪያ ቤትም ሄጄ ነበር። ደብዳቤ አምጪ፣ ነገ ተመለሺ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በአራተኛው ቀን «ሞዴል» የተባሉ ሰዎች ዝርዝር ሰጡኝ። ለአንዱ ስደውልለት «ለሪፖርቱ ነው?» አለኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ዓሣ አልቋል

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ጾም ሲገባ የዓሣ ፈላጊ ይበዛል፤ ባሕር ዳር ያሉ ዓሣ ቤቶች በዚህ ወቅት ቀትር ላይ መቀመጫ አይገኝባቸውም። ከዚያ መሥሪያ ቤት እንደወጣሁ ርቦኝ አንዱ ዓሣ ቤት ገባሁና ለብለብ አዘዝኩ።

«አልቋል።»

«እንዴት ያልቃል? ገና ስድስት ሰዓት ነው እኮ።»

አስተናጋጁ ትከሻውን ነቀነቀ። ጥግ ላይ ግን ዓሣ የሚያመላልሰው ልጅ ባዶ ፕላስቲክ ሳፋውን አጠገቡ አድርጎ ሻይ ይጠጣ ነበር። እሱ ነው የመለሰልኝ። የሁለት ጀልባ መረብ ሌሊት ተቀዶ ነው፣ ዛሬ የገባው ትንሽ ነው አለኝ። እኔም ከወሬ ብዬ፣ ሌላ ሐሳብ ሳይኖረኝ፣ «ታዲያ መረቡ ሲቀደድ ምን ይደረጋል?» አልኩት።

«እሳቸው ጋ ነዋ የሚወሰደው።»

«እሳቸው ማን ናቸው?»

ልጁ ጊዮርጊስ የት ነው ብዬ የጠየቅኩት ይመስል አየኝ።

ያቺን አስተያየት አልረሳትም። ልጁ ስለ አንድ «የሚገርም ሰው» እየነገረኝ አልነበረም። እሱ የሚያወራው ሥራ ሲበላሽ የት እንደሚኬድ ነው። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ውስጥ ማንም ያልነገረኝን ሰው ሰማሁ።

በማግስቱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ ጀልባዎቹ የሚገቡበት ዳርቻ ወረድኩ። እዚህ ጋ የሰዓትን ነገር ላንሳው፣ ብዙ ሰው የሚስተው እሱን ነውና። መረብ ማታ ይጣላል፣ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ንጋት ላይ ይነሳል። አስጋሪው የሚገኘው እንግዲህ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ግድም ነው፤ ከዚያ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። እኔ ባለፈው ሳምንት ሁለቴ ሄጄ ነበር፤ ሁለቴም ጠዋት አራት ሰዓት። ያን ጊዜ የሚገኙት ፊሌቶ የሚያወጡት ልጆች፣ ነጋዴዎቹ፣ ጉበትና አንጀት የሚጠብቁ ትላልቅ ነጫጭ ወፎችና አስጎብኚዎች ናቸው። በሥራው ውስጥ ያለው ሰው ተኝቷል። ለሰውየው ሥራ ሰዓት ካልተነሳሽ የምታገኚው ሁልጊዜ ስለሱ የሚያወራውን ሰው ነው።

ሦስት አስጋሪዎችን ለየብቻ ጠየቅኩ። ማስታወሻ አላወጣሁም፣ ጋዜጠኛ ነኝም አላልኩም፤ ማን እንደሆንኩ የጠየቀኝ አንዱ ሲሆን ለሱ ነገርኩት። ጥያቄዬ፦ «መረብህ ሲቀደድ ማን ጋ ትወስደዋለህ?» ሦስቱም ያንኑ ሰው ጠሩ። ከሦስቱ ሁለቱ ደግሞ በመረብ ስርቆት ተካሰው የማይነጋገሩ መሆናቸውን በኋላ ሰማሁ። ይህን ከዚያ ወዲህ መለኪያ አድርጌዋለሁ። የተጣሉ ሰዎች በአንድ ሰው ላይ ከተስማሙ ያ ሰው ጋ ሄጄ ባልጽፍ እንኳ አልከስርም።

ቤታቸውን ያሳየኝ የባጃጅ ተራ አስከባሪ ነው። ሰፈሩን አልጠቅስም፣ ስማቸውንም እንደዚያው፤ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ፣ እኔም የምጠራቸው እንደዚያ ነው።

ጋሼ በግቢያቸው ማንጎ ሥር ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ መረብ ጭናቸው ላይ እንደ ጋቢ ተዘርግቶ። ሰላምታ ሰጠሁ። ማን እንደሆንኩ፣ ለምን እንደመጣሁ ነገርኳቸው።

«ከኤንጂኦ ነሽ?»

«አይደለሁም ጋሼ። ጸሐፊ ነኝ።»

«ታዲያ ሊቀመንበሩን አናግሪ። እኔ ምን ታሪክ አለኝ።»

ይህችን መልስ ከብዙ ሰው ሰምቻታለሁ። ድሮ ቢሆን «ኧረ አለዎት እንጂ» ብዬ እከራከር ነበር። የዚያን ዕለት ግን ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም ለነገሩ እውነታቸውን ነው፤ ሰው ለራሱ ታሪክ የለውም፤ ለራሱ ያለው ሥራ ነው፣ ልጅ ነው፣ ዕዳ ነው። ዝም ብዬ ቆምኩ። ትንሽ ቆይተው የመረቡን አንድ ጫፍ ወደኔ ወረወሩና «ቆመሽ ከምትቀሪ ወጠር አድርገሽ ያዢልኝ» አሉኝ። ያዝኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ያዝኩ። በዚያ ቀን የጻፍኩት ነገር የለም።

ቀዳዳውን የሚያነቡት ሰው

በሁለተኛው ቀን ቡናና ስኳር ይዤ ሄድኩ። ለቃለ ምልልስ ገንዘብ አልከፍልም፤ ግን ሽማግሌ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፣ ይህን ከክፍያ ጋር የሚያምታታ ሰው የኛን አገር አያውቅም። እንደገና ጫፉን ያዝኩ። መቅረጫውን ከፈቀዱልኝ በኋላ በርጩማው አጠገብ አስቀመጥኩና «እስቲ ስለ ሕይወትዎ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«ምኑን?» አሉ። እውነት ነው፤ ምኑን?

ዝም ተባባልን። ጭናቸው ላይ ያለው መረብ መሀሉ ላይ የሰው ጭንቅላት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረው። ወደሱ እያየሁ «ይሄን ምን ቀደደው?» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዓት ሙሉ እኔ ጥያቄ አላዘጋጀሁም።

«አምባዛ ነው» አሉ። አምባዛ ክንፉ ሥር እሾኽ አለው፤ መረብ ሲይዘው እንደሌላው ዓሣ ወደፊት አይገፋም፣ ይጠቀለላል። እየተጠቀለለ ክሩን በእሾኹ ይቆርጠዋል። ስለዚህ የቀዳዳው ዳር ወጣ ገባ ነው፣ ክሩም የተጠማዘዘ ነው። ጣታቸውን ዳር ዳሩን እያዞሩ አሳዩኝ። ክሩ እውነትም እንደተፈተለ ጥጥ ተጠማዝዟል። ሌላ መረብ ሳቡ። ይሄኛው ሰው በቁሙ የሚያሳልፍ ነው፣ ቋጠሮዎቹ ግን አልተቆረጡም፣ ተለጥጠው ነው የላሉት። ጉማሬ። ጉማሬ አይቆርጥም፣ ይዞት ይሄዳል። ሦስተኛው ከታች፣ መረቡን ወደታች የሚስበው እርሳስ የታሰረበት ገመድ አጠገብ፣ በአንድ መስመር ተበጣጥሷል፤ ድንጋይ ወይም ግንድ ላይ የተጎተተ ነው፣ ያነሳው ልጅ ቸኩሏል ማለት ነው። አራተኛው ምንም ቀዳዳ የለውም፣ ግን የመረቡ ዓይኖች መሀል እንደ ፀጉር ያለ ጥቁር ነገር ተጠላልፎበታል።

«ይሄ የሰሜኑ ነው» አሉ።

ሐይቁን የወረረው አረም፣ የእምቦጭ ሥር ነበር። እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ የበረታውም በሰሜኑና በምሥራቁ ዳርቻ፣ በመገጭ ወንዝ አፍና በደምቢያ በኩል ነው። ጋሼ ያንን ያዩት በዜና አይደለም። አንድ ቀን አንድ ልጅ ከዚያ በኩል ያመጣው መረብ ላይ ያን ጥቁር ፀጉር አዩ፤ «ይሄ የማን ፂም ነው?» ብለው ጠየቁ። ሐይቁ መታመሙን የሰሙት ከመረብ ነው።

እዚህ ላይ ነው አንድ ነገር የሰማሁት፣ ጽሑፉን ጽሑፍ ያደረገው። ጋሼ ሐይቁ ላይ ከወጡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጀልባ ላይ አልወጡም፣ ውሃው ዳር እንኳ አይወርዱም። ከማንጎው ሥር ሆነው ግን የትኛው ወገን ዓሣ እንዳለ፣ የት ጋ ጉማሬ እንደወለደች፣ ማን ሰክሮ እንደሚያሰግር ያውቃሉ። ሐይቁ በየጠዋቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ይመጣላቸዋል።

ስለ መርፌውም ልናገር። መርፌው የእንጨት ነው፣ ከመሀል ጣቴ ትንሽ ይረዝማል፣ በአንድ በኩል የሾለ፣ መሀሉ ላይ ክር የሚጠመጠምበት ምላስ አለው። በቀኝ እጃቸው ያሳልፉታል፣ በግራ አውራ ጣታቸው የቋጠሮውን ቦታ ይይዛሉ፣ አንዴ ዞር፣ አንዴ ወደታች፣ ከዚያ ሳብ ሲያደርጉት ትንሽ ድምፅ ትሰማለች። ግራ አውራ ጣታቸው ላይ ክሩ የቆፈረው ጎድጓዳ መስመር አለ፤ ቋጠሮው ሁሉ ያርፍባታል። ያን መስመር ለማየት ሦስት ቀን አጠገባቸው መቀመጥ ነበረብኝ። ስልክ ደውዬ ብጠይቅ ማን ይነግረኛል?

የመረብ ዓይን የሚለኩት በጣት ነው። ጣታቸውን ገጥመው ዓይኑ ውስጥ ይከታሉ። «ድሮ አራት ጣቴ ይገባ ነበር» አሉኝ። «ከዚያ ሦስት ሆነ። አሁን የሚያመጡልኝ ሁለት ነው። አንድ ጣት ብቻ የሚያስገባ ካመጡ አልጠግንም።»

«ለምን?»

«እሱ መረብ አይደለም። ወንፊት ነው። ልጁንም እናቱንም ይዞ ይወጣል።»

ስለዚህ ነገር ሰው ይቀየማቸዋል። አንዱ ፊታቸው ላይ መረቡን ጥሎባቸው ሄዷል። ደንበኛም አጥተዋል፤ ሌላ ጠጋኝ ተገኝቷል፣ እሱ ሁሉንም ይጠግናል። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፣ መርፌውንም አላቆሙም። እኔ ግን መያዝ ያለብኝን ጫፍ ለቅቄው ነበር።

ነገሩን ማጣራት

ሰው ወደድኩ ብዬ የነገረኝን ሁሉ እንዳለ አልጽፍም። ጋሼ የነገሩኝን ለሁለት ከፈልኩት፦ እጃቸው የሚያውቀውና የሰሙት። እጃቸው የሚያውቀውን አልተጠራጠርኩም። የቀረውን ሄጄ አየሁ።

መረብ መጠገን የጀመሩት የናይለን መረብና ሞተር ጀልባ ሲመጣ እንደሆነ ነግረውኝ ነበር፤ ዓመቱን አያስታውሱም። ጣና ላይ በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ለገበያ ማስገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፣ በኛ 1978 እና 1979 ዓ.ም. ላይ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ሥራው በደንገል ታንኳ፣ ዳር ዳሩን፣ ለቤትና ለሰፈር ያህል የሚሠራ ነበር። የሳቸው ዕድሜ ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ያኔ ጎረምሳ ነበሩ።

«ነጩ ዓሣ አለቀ» ያሉኝንም አጣራሁት። ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓሣ አይደለም። ጣና ውስጥ ወደ 17 የሚጠጉ የዚህ ወገን ዝርያዎች አሉ፣ አብዛኞቹም በዓለም ላይ ሌላ የትም የሉም። ከነሱ መካከል በርከት ያሉት ክረምት ሲገባ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ወንዝ ይወጣሉ፤ ጉማራ አንዱ ነው። ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ሲያልፉ መረብ ከጠበቃቸው በአንድ ሌሊት ብዙ ይወጣል፣ የወጣው ደግሞ ገና ያልወለደው ነው። ተመራማሪዎች ባደረጉት ክትትል ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ ዓሦች ክምችት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብቻ ሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሷል። ይህን ቁጥር ሳነብ ዓይኔ ላይ የመጣው የጋሼ ጣት ነው። አራት፣ ሦስት፣ ሁለት።

ቁጥሩን ብቻ ይዤ ብነሳ ኖሮ የምጽፈው ማንም የማያነበውን ነገር ነበር። ጣቱን ብቻ ይዤ ብነሳ ደግሞ የአንድ ሽማግሌ ትዝታ ነው ይባል ነበር። ሁለቱን ያገናኘልኝ የሰው መረጣው ነው፤ ችግሩ በእጁ የሚያልፍ ሰው መፈለግ።

ማንበብና ማውጣት

አራተኛው ቀን ላይ ለምን ወደ ሐይቁ እንደማይወርዱ ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ። ረጅም ነው፣ ከባድ ነው፣ መቅረጫው በርቶ ነበር። ስጽፈው የጽሑፉ መሀል ላይ አስቀመጥኩት፤ ማንም ጸሐፊ እዚያው ነው የሚያስቀምጠው።

ከመላኬ በፊት ሄጄ ሙሉውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ይህን ሁልጊዜ አላደርገውም፣ ለሹም አላደርገውም፣ በሥልጣኑ ለሚጠየቅ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይገባም። ግን ማንበብ ለማይችል፣ ስለራሱ የተጻፈውን ከሌላ አፍ ለሚሰማ ሰው ከዚህ ያነሰ ማድረግ ነውር ይመስለኛል። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ሁለት ቦታ አረሙኝ፤ ክሩን «ገመድ» ብዬው ነበር፣ እርሳሱን ደግሞ «ብረት»። ያ ክፍል ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«እሱን ተይው። ለአንቺ ነው የነገርኩሽ።»

አወጣሁት። እዚህም አልጽፈውም።

አዘጋጁ ጽሑፉን ሲያይ «ለምን ከሐይቁ እንደቀሩ የለም እኮ» አለኝ፣ ትክክል ነው፣ አንባቢም ይጠይቃል። እንዲወጣ የጠየቁት እሳቸው መሆናቸውን ነገርኩት። ፎቶም ነበር፤ እጃቸውን እንዳነሳ ፈቅደዋል፣ ፊታቸውን አልፈቀዱም፤ መጽሔቱ ደግሞ ለሽፋን ፊት ይፈልጋል። ሽፋኑ ላይ ሌላ ሰው ወጣ። ጽሑፉ በመጽሔቱ የውስጥ ገጽ ላይ፣ ከግራ አውራ ጣታቸው ፎቶ ጋር ታተመ። ሽፋን ቢሆን ክፍያው ይሻል ነበርና ያኔ ቆጭቶኛል፣ አልዋሽም። ዛሬ ግን እዚያ ግቢ ገብቼ ጫፍ መያዝ የምችለው በዚያ ውሳኔ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት

ድሮ ቃለ ምልልስ ስጨርስ «ሌላ ማንን ላናግር?» እያልኩ እጠይቅ ነበር። መልሱ ሁልጊዜ ሊቀመንበር ነው፣ ወይም የቀበሌ ሰው ነው፣ ወይም የተማረ ዘመድ ነው። ሰው ለእንግዳ የሚያስተዋውቀው ትልቅ የሚለውን ነው። ጋሼ ጋ ግን እጃቸው ላይ ያለውን ነገር እያሳየሁ «ይሄን ማን ሠራልዎት?» አልኩ።

በዚህ ጥያቄ ሦስት ሰው አገኘሁ። አንዱ መርፌውን የሚቀርጸው ነው፤ ዘመናይ የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጺ ሲሆን የመረብ መርፌ የሚቀርጸው ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ነው። ሁለተኛው የተጣለ ነጠላ ጫማ ከየቦታው እየሰበሰበ ሶሉን በክብ የሚቆርጥ ልጅ ነው፤ መረቡን ከላይ የሚያንሳፍፉት እነዚያ ቁራጮች ናቸው፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ላይ የጫማው ቁጥር እንኳ አለ። ሦስተኛዋ መጠገን ያለፈበትን መረብ የምትገዛ ሴት ናት። ለቲማቲም ችግኝ አጥር ትሸጠዋለች፣ ለሰፈር ልጆች ደግሞ ለጎል። ሐይቁን ሲያጣራ የኖረ መረብ አቧራ ሜዳ ላይ ኳስ ሲይዝ ቆሜ አይቻለሁ።

ሴትዮዋ ላይ እየሠራሁ ነው። መጀመሪያ የጠየቅኳት «ሰው የማይገዛሽ መረብ የትኛው ነው?» ብዬ ነው። የሞተ ሰው መረብ፣ አለችኝ። ገና ብዙ ይቀረናል።

ባለፈው ሳምንት መጽሔቱን ይዤ ጋሼ ጋ ሄድኩ። የጎረቤት ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ እያነበበች አሰማቻቸው፤ እሳቸው እየጠገኑ ሰሙ። ስትጨርስ መጽሔቱን አጥፈው የክር ሳጥናቸው ሥር ከተቱት። ከዚያ አንድ አዲስ ከረጢት ፈተው መረቡን ዘረጉና ጫፉን ሰጡኝ። መሀሉ ላይ ትልቅ ቀዳዳ አለ።

«ይሄንስ ምን ቀደደው?» አሉኝ።

«ጉማሬ» አልኩ፣ ስፋቱን አይቼ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱን የክር ጫፍ ይዘው ወደ ዓይኔ አስጠጉልኝ። አልተለጠጠም፣ አልተጠማዘዘም። ጫፉ ቀጥ ብሎ፣ ጥርት ብሎ የተቆረጠ ነው።

«ቢላዋ ነው» አልኩ።

«የማን እንደሆነም አውቃለሁ» አሉና መርፌያቸውን አነሱ።